ከአመዱ ሥር ያለው እሳት የማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሣውን የኤንጂሲ 7469 ጋላክሲ ፎቶ ካወጣን ወዲህ ደብዳቤው በርክቷል። ለዛሬ ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ለዓመታት የደከምኩበትን ሥራ በቀጥታ የሚነካ በመሆኑ አብዛኛውን ገጽ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ፤ ሌሎቻችሁ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። ሥራዬ ብየዳ ነው፤ 26 ዓመት ሆኖኛል። ከፎቶው ሥር ‹መካከሉ ላይ ግዙፍ ብላክ ሆል፣ ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስመልጥ አካል፣ አለ፤ በዙሪያው ደግሞ አዳዲስ ከዋክብት ይወለዳሉ፤ አካባቢውን አቧራ ሸፍኖታል› ብላችኋል። አቧራ ከሸፈነው የሚደርሳችሁ ሙቀቱ ብቻ ነው። ሙቀት ደግሞ ሙቀት ነው። ታዲያ ብላክ ሆሉ ያሞቀውን ከዋክብቱ ካሞቁት በምን ለያችሁት? ወይስ ግምት ነው?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ግምት አይደለም። የዘርፉ ሰዎች ለዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩት ግን ይኸንኑ ነው። የመልሱን ቁልፍ ደግሞ ሙያዎን ሲነግሩኝ አብረው ልከውልኛል።

የከሰል ምድጃ አጠገብ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጡ ፊትዎ ይግላል፣ ላብ ያጠምቅዎታል፤ ዓይንዎ ግን ምንም አይሆንም። ብየዳን ያለ መነጽር ለአፍታ ያየ ሰው ደግሞ ማታ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስል ሲያነባ ያድራል። ይህን ለእርስዎ መንገር አይገባኝም። ክፍሉን በማሞቅ ከሆነ ምድጃው ከብየዳው ነጥብ ሊበልጥ ይችላል። ልዩነቱ ያለው በብርሃኑ ብዛት ሳይሆን በእያንዳንዷ የብርሃን ቅንጣት ጉልበት ላይ ነው። ከብየዳው የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ቅንጣቱ ጉልበተኛ ስለሆነ የዓይንን ሽፋን ይጎዳል። የከሰል ፍም አሥር ኩንታል ቢከመር እንኳ ይህን ማድረግ አይችልም።

አሁን ሁለቱንም በአመድ እንሸፍናቸው። እጃችንን ብንዘረጋ ከሁለቱም ዘንድ ሙቀት ይሰማናል፤ ረመጥ ነው። እርስዎ «ሙቀት ሙቀት ነው» ያሉት እዚህ ላይ ነው፤ ልክ ነዎት። ነገር ግን አመዱ ውስጥ ጉልበተኛ ጨረር ሲነካቸው ብቻ የሚለወጡ ነገሮች ቢኖሩ፣ የእነሱን ምስክርነት መጠየቅ እንችላለን። የእኛ ሥራ ይኸው ነው።

ጋላክሲዎች ውስጥ ያለው አቧራ ከቤታችን አቧራ በጣም የደቀቀ ነው። ብዙው ከአንድ ማይክሮን ያንሳል፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ዓይናችን የሚያየውን ብርሃንና አልትራቫዮሌቱን ውጦ ይሞቃል፤ የዋጠውን መልሶ በኢንፍራሬድ ይተፋዋል። ኢንፍራሬድ ከቀይ በታች ያለ፣ ዓይን የማያየው፣ ቆዳ ግን በሙቀትነቱ የሚያውቀው ብርሃን ነው። ሞገዱ ረጅም ስለሆነ አቧራው እንደ ሌላው ብርሃን አያግደውም፤ ብዙው ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1983 አይራስ የምትባል ሳተላይት ለአሥር ወር ያህል መላውን ሰማይ ለማለት ይቻላል በኢንፍራሬድ ቃኘች። በተራ ቴሌስኮፕ ደብዘዝ ብለው የሚታዩ፣ በኢንፍራሬድ ግን ከአንድ ትሪሊዮን ፀሐይ በላይ የሚያበሩ ጋላክሲዎች አሳየችን። ከሁሉ የታወቀችው አርፕ 220 ናት፤ 250 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች፤ የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። ሁለት ጋላክሲዎች ተጋጭተው የተዋሐዱባት ናት። ከዚያ ወዲህ ሙግቱ ጦፈ። አንዱ ወገን «ይህን ሁሉ ኃይል የሚሰጥ ከብላክ ሆል በቀር ማን አለ?» አለ። ሌላው «የለም፣ ከዋክብት በገፍ እየተወለዱ ነው» አለ። የእኛዋ ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ፣ በዓመት ከአንድ ወይም ከሁለት ፀሐይ የማይበልጥ ጋዝ ወደ ኮከብነት ትለውጣለች። አርፕ 220 ሁለት መቶ ፀሐይ ያህል ትለውጣለች ማለት ነበረባቸው። ሁለቱም ወገን የያዘው የሙቀት መጠን ብቻ ነበርና መሸናነፍ አልቻሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። ብላክ ሆል ራሱ ብርሃን የለውም። ወደ እሱ የሚወድቀው ጋዝ እየተሽከረከረና እርስ በርሱ እየተፋተገ ሲሄድ ይግላል፤ የሚያበራው ያ ጋዝ ነው። ማዕከሉ እንዲህ የሚያበራን ጋላክሲ ንቁ ጋላክሲ እንለዋለን።

መጀመሪያ የሚመሰክረው የአቧራው የራሱ ሙቀት ነው። ከዋክብት የሚወለዱበት ሰፈር ያለው አቧራ አብዛኛው ከዜሮ በታች 235 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ በጠፈር ሚዛን ይህም ሙቅ ይባላል። ብላክ ሆሉ ደጃፍ ያለው ግን ከአንድ ሺህ ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ስለዚህ ሙቀትም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። እኔ ግን በዚህ ብቻ አልተማመንም፤ ብላክ ሆሉ ከሩቅ ያለውንም አቧራ ለብ ሊያደርገው ይችላልና።

ሁለተኛው ምስክር ጥላሸት ነው። በእንጨት የተጣደ ድስት ቂጡ ላይ የሚይዘውን ጥቁር ነገር ያውቁታል። ጥላሸት ውስጥ የካርቦን አተሞች እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ እየተያያዙ የሠሯቸው ሞለኪውሎች አሉ፤ ኬሚስቶች ፒኤኤች ይሏቸዋል። እነዚሁ በጠፈር ሞልተዋል። ወጣት ከዋክብት አልትራቫዮሌት ሲረጩባቸው ይንቀጠቀጡና በ6.2፣ በ7.7፣ በ8.6 እና በ11.3 ማይክሮን ላይ ያበራሉ። ስፔክትረም ማለት ብርሃኑን በሞገዱ ርዝመት ዘርዝሮ የሚያሳይ ንድፍ ነው፤ እዚያ ላይ እንደ ኮረብታ ሰፋ ብለው ይታያሉ፤ አንዴ ያያቸው አይረሳቸውም። ብላክ ሆሉ አጠገብ ግን ጨረሩ ስለሚበረታባቸው ብዙዎቹ ይሰባበራሉ። ኮረብቶቹ ጎልተው የቆሙበት ጋላክሲ ስናይ ከዋክብት እየተወለዱ ነው እንላለን።

ሦስተኛው ምስክር የእርስዎ የብየዳ ጨረር ነው፤ እኔ የማምነውም እሱን ነው። በሱቅ ማስታወቂያ ላይ የሚበራውን ኒዮን ያውቁታል፤ ያው ጋዝ በጋላክሲዎች ውስጥም አለ። የኒዮን አተም አንድ ኤሌክትሮን እንዲያጣ 21.6 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላት የብርሃን ቅንጣት ትበቃዋለች፤ ኤሌክትሮን ቮልት የቅንጣት ጉልበት የሚለካበት መስፈሪያ ነው። ትልልቅ ወጣት ከዋክብት እንዲህ ያለውን ቅንጣት በገፍ ይረጫሉ። አንድ ኤሌክትሮን ያጣው ኒዮን በ12.81 ማይክሮን ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይበራል። ያው አተም አራት ኤሌክትሮን እንዲያጣ ግን የመጨረሻዋን ለመንቀል ብቻ 97 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። ተራ ኮከብ፣ የቱንም ያህል ቢግል፣ እንዲህ ያለ ቅንጣት ከቁጥር የሚገባ አይሰጥም፤ ሺህ ኮከብ ቢሰበሰብም እንደ ከሰሉ ክምር ነው። ብላክ ሆል ላይ የሚወድቅ ጋዝ ግን ይሰጣል። አራቱን ያጣው ኒዮን ደግሞ በ14.32 ማይክሮን ላይ ይበራል። ሁለቱም መስመሮች አቧራውን አልፈው ይመጣሉ። ጎን ለጎን አስቀምጦ የአንዱን ብርታት ለሌላው ማካፈል ነው፤ ማን ምን ያህል እንዳሞቀ ከዚያ ይነበባል።

የሙግቱም ነገር በዚህ መንገድ ተፈታ። እ.ኤ.አ. በ1998 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ራይንሃርድ ጌንትሰልና ባልደረቦቻቸው አይሶ በተባለው የአውሮፓ የጠፈር ቴሌስኮፕ አሥራ አምስት እንዲህ ያሉ ጋላክሲዎችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። መለያቸውም ኤሌክትሮን የተገፈፉት አተሞችና ጥላሸቱ ነበሩ። ከመቶው ከ70 እስከ 80 የሚሆኑት ዋናውን ኃይል የሚያገኙት ከአዳዲስ ከዋክብት ሆኖ ተገኘ፤ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ከብላክ ሆል። ቢያንስ ግማሾቹ ሁለቱንም ሳይዙ አይቀሩም አሉ። ጌንትሰል እ.ኤ.አ. በ2020 በእኛው ጋላክሲ መካከል ስላለው ብላክ ሆል በሠሩት ሥራ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

ጋሼ፣ «በምን ለያችሁት?» የሚለውን ጥያቄ ከእርስዎ በፊት አማካሪዬ ጠይቀውኛል። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የሠራሁት ስፒትዘር በተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ መረጃ ነበር። አሥራ አንድ ጋላክሲዎች ይዤ አራት ወር ለፋሁ። በሦስቱ ላይ 26 ማይክሮን አጠገብ ደስ የምትል ጉብታ አገኘሁ። እዚያ ቦታ ላይ፣ በ25.89 ማይክሮን፣ ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን ያበራል፤ ያን ለመግፈፍ 55 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይጠይቃልና ብዙ ጊዜ የብላክ ሆል ምልክት ነው። ሦስቱን «ንቁ» በሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብቼ ረቂቁን አስረከብኩ። አማካሪዬ ገጹን ገልጠው ጉብታዋን በእርሳስ ከበቧትና «ብረት አለመሆኑን በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አንድ ኤሌክትሮን ያጣ ብረት በ25.99 ማይክሮን ላይ ያበራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ማይክሮን አንድ አሥረኛ ነው። እኔ የተጠቀምኩት ዝርዝሩ ደብዛዛ የሆነውን መረጃ ስለነበር ሁለቱ መስመሮች ተቀላቅለው እንደ አንድ ይታዩ ነበር። ያ ሌሊት መብራት ሁለቴ ጠፍቶብኛል። ላፕቶፑ ባትሪ ላይ እያለ ጥራቱ አምስት እጥፍ ገደማ የሚሻለውን የእነዚያኑ ጋላክሲዎች መረጃ አውጥቼ ሣልኩት። ጉብታዋ ለሁለት ተከፈለች። በ25.89 ላይ ያለችው ትንሽ ናት፤ ከጎኗ በ25.99 ላይ ብረቱ ረዝሞ ቆሟል።

ትርጉሙ የተገላቢጦሽ ነው። ብረት በጠፈር ውስጥ አብዛኛው አቧራ ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል። ግዙፍ ከዋክብት ፈንድተው ሲሞቱ የፍንዳታው ማዕበል አቧራውን ይሰባብረዋል፣ ብረቱም ወጥቶ ያበራል። እኔ ብላክ ሆል ያልኩት የከዋክብት መወለድና መሞት ነበር። ሦስቱንም ከሠንጠረዡ አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም «ጉብታ አገኘሁ» ሲለኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው «ጎረቤቱ ማን ነው?» ብዬ ነው።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ኤንጂሲ 7469 የምትርቀው 220 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ከዋክብት የሚወለዱበት ቀለበት ከማዕከሉ 1,500 የብርሃን ዓመት ያህል ብቻ ይርቃል፤ ከዚህ ሆኖ ለሚያይ ሁለቱ የተጣበቁ ናቸው። ስፒትዘር መስተዋቱ 85 ሴንቲሜትር ስለነበር ቀለበቱንና ማዕከሉን አንድ ላይ ጠቅልሎ ነበር የሚሰጠን። የዌብ መስተዋት 6.5 ሜትር ነው። ሚሪ የተባለው መሣሪያው ፎቶውን እንደ ድርና ማግ ከፋፍሎ ለእያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ስፔክትረም ይሰጣል። ማዕከሉ ላይ አራት የተገፈፈው ኒዮን ጎልቶ ይታያል፤ ቀለበቱ ላይ ጥላሸቱና አንድ የተገፈፈው ኒዮን። ከማዕከሉ የሚወጣ ጋዝም ታይቷል፤ በሰከንድ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይወረወራል። ቀለበቱ ላይ ግን ልደቱ አልቆመም። «ብላክ ሆል በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያጠፋል» የሚለው ወሬ ቢያንስ በዚህች ጋላክሲ አልሠራም።

ጥያቄ፦ «ፎቶው መካከል ላይ ስድስት ጨረር ያለው ትልቅ ኮከብ አለ። ጋላክሲዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ? ቀለሞቹስ እውነት ናቸው?» (ከአዳማ)

መልስ፦ ጨረሮቹ ጋላክሲዋ ውስጥ የሉም። የዌብ መስተዋት አሥራ ስምንት ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች የተገጣጠሙበት ነው፤ ደማቅ ነጥብ ሲያይ ብርሃኑ በጠርዞቹ ላይ እየታጠፈ እነዚያን ጨረሮች ይሠራል። ቁም ነገሩ፣ እንዲህ የሚሆነው በጣም ለጠበበና ለደመቀ ነጥብ ነው። ስለዚህ የጋላክሲዋ ማዕከል ምን ያህል ጠባብ ሆኖ ምን ያህል እንደሚያበራ ጨረሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ቀለሞቹን የሰጡት ባለሙያዎች ናቸው፤ ኢንፍራሬድ ለዓይን ቀለም ስለሌለው አጠር ያለውን ሞገድ ወደ ሰማያዊ፣ ረዘም ያለውን ወደ ቀይ ያመጡታል።

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ይህን ሥራ መሥራት እፈልጋለሁ። እንጦጦ ላይ ባለው ቴሌስኮፕ አይቻልም ወይ? ካልተቻለ ውጭ አገር መሄድ ግዴታ ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያው አይቻልም፣ ሁለተኛው ግዴታ አይደለም።

እንጦጦ ላይ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ቦታው 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ለሚታይ ብርሃን መልካም ነው። እኛ የምንፈልገውን ኢንፍራሬድ ግን በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛውን ይውጠዋል። የሚያልፈውም ቢሆን ሌላ ፈተና አለበት። እንደ እኛ ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ፣ አየሩ፣ ግድግዳው፣ ቴሌስኮፑ ራሱ፣ የአንቺ ገላም ጭምር፣ በጣም የሚያበራው 10 ማይክሮን አካባቢ ነው። ደካማ ጋላክሲን በዚያ መሐል መፈለግ በቀን ኮከብ እንደመፈለግ ነው። ለዚህ ነው ስፒትዘር 360 ሊትር ፈሳሽ ሂሊየም ይዞ በነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. የመጠቀው። ሂሊየሙ በግንቦት 2009 እ.ኤ.አ. ሲያልቅ ስፔክትረም የሚያነሣው መሣሪያም ሥራው አበቃ። ሚሪ ደግሞ ከዜሮ በታች 266 ዲግሪ ድረስ በማቀዝቀዣ ይበርዳል።

ለእንጦጦ የሚመጥን የጎን ሥራ ግን አለ፤ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የኤንጂሲ 7469 የሰማይ ኬክሮስ ወደ ዘጠኝ ዲግሪ ሰሜን ነው። አዲስ አበባም እንዲሁ ዘጠኝ ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ስለዚህ ጋላክሲዋ በእንጦጦ አናት ላይ፣ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ባነሰ ልዩነት፣ ታልፋለች። በጥቅምት፣ ክረምቱ ሄዶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከምሽቱ ሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ቀና ብትዪ እዚያ ናት፤ በባዶ ዓይን አትታይም እንጂ። የንቁ ጋላክሲ ማዕከል ብርሃኑ በቀናትና በወራት ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ያንን ሌሊት በሌሊት እየመዘገቡ መከታተል ለባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፕ ትልቅ ሥራ ነው።

የኢንፍራሬዱን ሥራ ደግሞ ካለሽበት መጀመር ትችያለሽ። የስፒትዘር መረጃ ለማንም ክፍት ነው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያሰናዳው ካሲስ የተባለ ማኅደር ከአሥር ሺህ በላይ አካላት ስፔክትረም ተዘጋጅቶ የተቀመጠበት ነው። የአንዱ ፋይል ከስልክ ፎቶ ያነሰ ስለሆነ ኔትወርኩ ደካማ ቢሆንም ይወርዳል። ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ተማሪ፤ ንድፉን በራስሽ እጅ ሣዪው እንጂ የተሣለ አትመልከቺ።

አንድ ነገር ሳትዘነጊ፦ ጋላክሲው ከእኛ ስለሚርቅ ሞገዱ ተለጥጦ ነው የሚደርስሽ። ለኤንጂሲ 7469 እያንዳንዱን የሞገድ ርዝመት ለ1.0163 አካፍዪው፤ ያለዚያ መስመሮቹን ሁሉ የሌላ አተም ስም ትሰጫቸዋለሽ። ከዚያ መጀመሪያ 7.7 እና 11.3 ማይክሮን ላይ የጥላሸቱን ኮረብቶች ፈልጊ። ቀጥሎ ኒዮንን በ12.81፣ ከዚያ በ14.32። እዚህኛው ላይ ተጠንቀቂ፤ ክሎሪን በ14.37 ላይ ጎረቤት ነው። 26 ማይክሮን አጠገብ ጉብታ ካገኘሽ ኦክስጅን ብለሽ አትጻፊ፤ ጥራቱ ከፍ ያለውን ፋይል አውርጂና ለሁለት መከፈሏን እዪ። ንድፉን በዚሁ አድራሻ ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።